የወሊድ ዝግጅት ክላስ ስትመርጡ፦ ሁለታችሁንም የሚያነጋግረው የትኛው ነው?

ልጅ የሚጠብቁ ጥንዶች ክላስ ፍለጋ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚያገኙት የስም ጋጋታ ነው። ላማዝ፣ ብራድሊ፣ ሂፕኖበርዚንግ፣ የሆስፒታል ክላስ፣ የቡድን ክትትል፣ ኦንላይን ኮርስ። ሁሉም ለወሊድ አዘጋጃለሁ ይላል። ሁሉም አተነፋፈስ ያስተምራል። ማስታወቂያቸውን ብቻ አይቶ ልዩነታቸውን ማወቅ ይከብዳል።

ከዘዴው ስም በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ እኛ ሁለታችን እስካሁን ያልተነጋገርንበት ምንድን ነው? ስለ ምጥ ደረጃዎች የሚሰጠው ትምህርት የትም ብትሄዱ ተቀራራቢ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ምጡ ሲፋፋም እሷ ለመናገር አቅም ታጣለች። አዋላጇ አማራጭ ይዛ ትመጣለች። አጠገቧ የቆመው ሰው ደግሞ እሷ ምን እንደምትፈልግ አያውቅም፤ ጠይቋት አያውቅማ። ጥሩ ክላስ ይህን ንግግር ከወራት በፊት ቤት ውስጥ ያስጀምራል።

ከዚህ በታች “አጋር” የምለው ባልን ብቻ አይደለም። እህት፣ እናት ወይም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር እሷ የመረጠችው ሰው መሆኑ ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

አጋሩ ሥራ አለው ወይ? አንዳንድ ክላስ ውስጥ አጋሩ ወንበር ይዞ ስላይድ ያያል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌላው ጋ ግን እጁን ያስገባል። በብዙ ክላሶች የሚሠራ አንድ ቀላል ልምምድ አለ። እሷ የበረዶ ቁራጭ በእጇ ጨብጣ ለ1 ደቂቃ ትቆያለች። ምጥ ሲፋፋም አንዱ ቁርጠት የሚቆየው ብዙውን ጊዜ 1 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ብቻዋን ትይዘዋለች። ቀጥሎ እሱ “አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ ጎበዝ” እያለ ያወራታል። በመጨረሻ እሱ ምንም ሳይናገር ትከሻዋን ብቻ ይዞ አብሯት ይተነፍሳል። ሲያበቃ መምህሯ “የቱ ረዳሽ?” ብላ ትጠይቃለች። “ሲያወራኝ ባሰብኝ፤ ዝም ሲል ነው የቀለለኝ” የምትል አለች። ተቃራኒውን የምትልም አለች። እሱ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማውራቱ እየረዳት ይመስለው ነበር። እንዲህ ዓይነት ልምምድ የሌለበት ክላስ ለሁለት ሰው ከፍላችሁ አንድ ሰው የሚማርበት ነው።

ውሳኔዎቹን ያነሳል ወይ? ሕመም ማስታገሻ፣ ምጥን በመድኃኒት ማስጀመር፣ በኦፕራሲዮን መውለድ፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ይግባ፣ ልጁ ሲወለድ መጀመሪያ ማን ይቀፈው የሚሉት ሁሉ ሁለታችሁ ቀድማችሁ ብታወሩባቸው የሚጠቅሙ ነገሮች ናቸው። ክላሱ እነዚህን ዘርዝሮ ብቻ ካለፈ አይበቃም። ጥንዶቹ ለየብቻ መልሳቸውን ጽፈው እንዲለዋወጡ የሚያደርግ ይሻላል። አንዱ የሌላውን መልስ ሳያይ ሲጽፍ ነው እውነቱ የሚወጣው።

የመጨረሻው ቃል የማን ነው? ይህን መመዘኛ ብዙ ሰው አያስበውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ምክር ወንዶች በእርግዝና፣ በወሊድና ከወሊድ በኋላ ባለው ጊዜ እንዲሳተፉ ያበረታታል። ነገር ግን ተሳትፎው የሴቷን ምርጫና በራሷ የመወሰን መብት የሚያከብር መሆን አለበት ይላል። አጋሩን በእሷ ፋንታ ወሳኝ የሚያደርግ ክላስ ካያችሁ ተዉት። የእሱ ድርሻ የእሷን ፍላጎት ማወቅና እንዲሰማ መርዳት ነው።

ስለ ሕክምና ሚዛናዊ ነው ወይ? ማስታገሻ መውሰድን ወይም በኦፕራሲዮን መውለድን እንደ ሽንፈት የሚያቀርብ መምህር ከወሊድ በኋላ ጥንዶቹ መካከል ወቀሳ ያስቀራል። “ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ” የሚለው አባባል ከእንዲህ ያለ ትምህርት ነው የሚወለደው።

ከወሊድ በኋላ ያለውን ይነካል ወይ? ምጥ ቢረዝም የአንድ ሁለት ቀን ጉዳይ ነው። የእንቅልፍ እጦቱ፣ ጡት ማጥባቱና የሥራ ክፍፍሉ ግን ወራት ይወስዳል።

ጊዜ፣ ወጪና የመምህሩ ሙያም መታየት አለባቸው። አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም። ማንኛውም ክላስ የአደጋ ምልክቶችን ማስተማር አለበት፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ትኩሳት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ። እነዚህን የሚሰማው ሰው አጋሩም መሆን አለበት፤ ወደ ጤና ተቋም የሚያደርሳት እሱ ሊሆን ይችላልና።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### የምትወልዱበት ጤና ተቋም የሚሰጠው ክላስ

ትልቁ ጥቅሙ ስለዚያ ቦታ ማወቃችሁ ነው። ስንት ሰው ይገባል? የትኛው ማስታገሻ አለ? በሌሊት የሚደወለው ወዴት ነው? መቼ ኑ ይላሉ? እነዚህን ሌላ ክላስ አይነግራችሁም። ብዙውን ጊዜ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣል፤ ጊዜውም አጭር ነው።

ድክመቱ ትምህርቱ ንግግር ብቻ ሊሆን መቻሉ ነው። ሰው ይበዛል፣ ሰዓት ያጥራል፣ ጥንዶች እርስ በርስ የሚያወሩበት ፋታ አይኖርም። የተቋሙን አሠራር አስተምሮ፣ ሌላ አማራጭ መኖሩን ሳይጠቅስ ሊያልፍም ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ወላድ ከምጥ እስከ ወሊድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ይህ በተቋማችሁ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ኦፕራሲዮን ሲሆንስ እንዴት እንደሚሆን ቀድማችሁ ጠይቁ። በሩ ላይ ደርሶ “ወንድ አይገባም” መባል ለሁለቱም ከባድ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው፤ አጋሩ የሰዓት ግምቱን ያስተካክላል። በዚሁ መመሪያ መሠረት የተፋፋመ ምጥ የሚጀምረው የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ከሴት ሴት በጣም ይለያያል። የተፋፋመው ምጥ ደግሞ ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ “ምን ሆና ነው?” እያለ ይደናገጣል። ድንጋጤው ደግሞ ወደ እሷ ይተላለፋል።

### በአንድ ዘዴ ላይ የተመሠረቱ ኮርሶች

እዚህ ጋ ረዘም ላድርገው፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው።

ለእነዚህ ዘዴዎች አንዱ መነሻ እንግሊዛዊው የማህፀን ሐኪም ግራንትሊ ዲክ-ሪድ ነው። በ1930ዎቹ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር። ፍርሃት ሰውነትን ያወጥራል፣ ውጥረቱ ሕመሙን ያባብሳል፣ ሕመሙም መልሶ ፍርሃቱን ይጨምራል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ዘዴዎች ይህን ዑደት በየራሳቸው መንገድ ለመስበር ይሞክራሉ። አጋሩን የሚያሠሩበት መንገድ ግን በጣም ይለያያል።

ላማዝ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ላማዝ ነው። በ1951 ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ያየውን ዘዴ ወደ ፓሪስ አመጣው። በ1960 ደግሞ ማርጆሪ ካርሜልና ኤሊዛቤት ቢንግ አሜሪካ ውስጥ የሚያስፋፋውን ማኅበር መሠረቱ። ብዙ ሰው ላማዝን የሚያውቀው በአተነፋፈሱ ነው። የዛሬው ትምህርት ግን ከዚያ ይሰፋል። ምጥ በራሱ እንዲጀምር መጠበቅ፣ በምጥ ጊዜ መንቀሳቀስ፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ማግኘት፣ አስፈላጊ ያልሆነ ጣልቃ ገብነትን ማስወገድ፣ በጀርባ ተኝቶ አለመግፋት፣ እናትና ልጅን አለመለየት የሚሉትን ያስተምራል። ውሳኔዎችን አንስቶ በማነጋገር ረገድ ከዘዴዎቹ መካከል እኔ ይሄኛውን አስቀድማለሁ። አጋሩ ጥያቄ መጠየቅን ይማራል፦ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጉዳቱስ? ሌላ አማራጭ አለ? ትንሽ ብንቆይስ?

ብራድሊ ለአጋሩ ትልቁን ድርሻ ይሰጣል። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ብራድሊ ባል አሰልጣኝ የሚሆንበትን ዘዴ ያስፋፋው በ1960ዎቹ ነው። ኮርሱ ብዙውን ጊዜ 12 ሳምንት ይወስዳል። ሦስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ አብሮ መቀመጥ በራሱ ጥንዶችን ያቀራርባል። የቤት ሥራም አለው። ችግሩ ያለ መድኃኒት መውለድ ላይ አጥብቆ ማተኮሩ ነው። ሁለታችሁም ያንን ከልብ ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው። አንዳችሁ ብቻ ከፈለጋችሁት ግን ኮርሱ ልዩነቱን ይሸፍነውና ምጥ ክፍል ውስጥ ይፈነዳል። “አሰልጣኝ” የሚለው ድርሻም ሁሉንም ሴት አይመቻትም። መታዘዝ የማትወድ ሴት በምጥ ላይ መመሪያ ሲሰጣት ትቆጣለች፤ ብትቆጣም አይፈረድባትም።

ሂፕኖበርዚንግ በ1989 በማሪ ሞንጋን የተጀመረ ነው። በጥልቅ መዝናናት ላይ ይመሠረታል፤ ብዙውን ጊዜ በአምስት ክፍለ ጊዜ ያልቃል። አጋሩ የሚያዝናኑ ጽሑፎችን በለሰለሰ ድምፅ ያነብላታል። ማታ ማታ ስለሚለማመዱት የመቀራረቢያ ሰዓት ይሆናል። በወሊድ ጊዜ ሂፕኖሲስን የፈተሹ ጥናቶች አጠቃላይ የማስታገሻ አጠቃቀምን ሊቀንስ እንደሚችል ይጠቁማሉ፤ ኤፒዱራልን (ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን የጀርባ መርፌ) መቀነሱ ግን አልታየም። ፍርሃቷ ለበረታ ሴት የሚሆን ነው። ሆኖም መዝናናት አንድ ነገር ነው፣ መነጋገር ሌላ። ነገሮች እንደታሰበው ካልሄዱ ምን እናደርጋለን የሚለውን ክላሱ ካላነሳው እናንተ አንሱት።

### የቡድን የእርግዝና ክትትል

በ1990ዎቹ አሜሪካዊቷ አዋላጅ ሻሮን ሺንድለር ራይዚንግ ያስጀመረችው ሞዴል የሚታወቅ ነው። የመውለጃ ጊዜያቸው የተቀራረበ ከ8 እስከ 12 ሴቶች ክትትላቸውን አንድ ላይ ያደርጋሉ። ደም ግፊታቸውንና ክብደታቸውን ራሳቸው ይለካሉ፣ ከዚያ ክብ ሠርተው ይወያያሉ። አንዱ ስብሰባ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ስለሚወስድ ለወሬ ጊዜ አለ።

ለጥንዶች የሚጠቅመው ሌላው ሰው የሚናገረው ነው። አንዱ አባት “እኔ እኮ ደም ሳይ እወድቃለሁ” ሲል፣ ያን ፍርሃት ለሚስቱ ነግሯት የማያውቅ ሌላው ይተነፍሳል። ደካማ ጎኑ አጋሮች ሁልጊዜ አለመጋበዛቸው ነው። የሁለታችሁ ብቻ የሆነው ነገር ደግሞ በቡድን ፊት አይወጣም። በየቦታውም አይገኝም።

### በግል የሚሰጥ ዝግጅት

አዋላጅ ነርስ ወይም ዱውላ የሚባሉት የወሊድ ደጋፊዎች ቤት መጥተው ያዘጋጃችኋል። ከሁሉም ውዱ ነው። ነገር ግን የሚያዋጣበት ሁኔታ አለ፦ ያለፈው ወሊድ መጥፎ ትዝታ የጣለባት፣ መንታ ያረገዘች፣ ኦፕራሲዮን የተቀጠረላት፣ ወይም በሰው ፊት ማውራት የማይሆንላቸው ጥንዶች። አንዲት ሴት “ባለፈው ጥለኸኝ ወጣህ” የሚለውን አሥር ሰው ፊት አትናገረውም። ልምድ ያላት አዋላጅ ፊት ግን ትናገረዋለች።

ዱውላዋ በወሊዱም ቀን የምትገኝ ከሆነ ሌላ ጥቅም ይጨመራል። በ2017 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) የጥናቶች ግምገማ 26 ጥናቶችን መርምሮ፣ በምጥ ጊዜ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው እንደቀነሰ፣ ምጣቸውም እንዳጠረ አሳይቷል። ሁለት ነገር አትርሱ። ዱውላ የሕክምና ሥራ አትሠራም፤ አዋላጅን አትተካም። አጋሩም “እሷ አለች” ብሎ ወደኋላ እንዳይል ድርሻቸውን ቀድማችሁ ለዩት።

### ኦንላይን ኮርስ

ርካሽ ነው፣ በፈለጋችሁት ሰዓት ታዩታላችሁ፣ ሩቅ ለሚሠራ አጋርም ይመቻል። አደጋው አንድ ነው፦ እሷ ታየዋለች፣ እሱ “ዋናውን ንገሪኝ” ይላል። ቀጥታ የሚሰጠው ከተቀዳው ይሻላል፤ የተቀዳ ከሆነ አብራችሁ ካላያችሁት ገንዘባችሁን አታውጡ።

### ጥንድነት ላይ ያተኮሩ ስልጠናዎች

እነዚህ ስለ ምጥ ብዙም አያወሩም። ስለ ሁለታችሁ ነው የሚያወሩት፦ እንዴት ትጣላላችሁ፣ ሥራ እንዴት ትካፈላላችሁ፣ አንዳችሁ ስትደክሙ እንዴት ትናገራላችሁ። ባልና ሚስት የሆኑት ተመራማሪዎች ካሮሊንና ፊሊፕ ካዋን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በሠሩት ጥናት፣ ከእርግዝናው መጨረሻ አንስቶ እስከ ልጁ የመጀመሪያ ወራት በየሳምንቱ የሚገናኙ የጥንዶች ቡድኖች ነበሩ። በቡድኑ የተሳተፉት ካልተሳተፉት ይልቅ የትዳር እርካታቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ማርክ ፋይንበርግ ያዘጋጀውም ፕሮግራም በተመሳሳይ መንገድ ከወሊድ በፊትና በኋላ በሚሰጡ ክፍለ ጊዜዎች አብሮ ማሳደግን ያስተምራል።

እኔ ይህን ዓይነት ስልጠና ሰዎች ከሚሰጡት ግምት በላይ አስቀምጠዋለሁ። ብቻውን ግን ለምጥ አያዘጋጅም። ከአጭር የተቋም ክላስ ጋር ሲጣመር ነው ሙሉ የሚሆነው።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | የአጋሩ ሥራ | ውሳኔ ላይ ማነጋገር | ከወሊድ በኋላ | ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የጤና ተቋም ክላስ | ትንሽ | መካከለኛ | ትንሽ | አጭር | ነጻ ወይም ዝቅተኛ |
| ላማዝ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ብራድሊ | በጣም ብዙ | ጥሩ፣ ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል | መካከለኛ | 12 ሳምንት ገደማ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ሂፕኖበርዚንግ | ጥሩ | ትንሽ | ትንሽ | 5 ክፍለ ጊዜ ገደማ | መካከለኛ |
| የቡድን ክትትል | እንደ ቦታው | ጥሩ | ጥሩ | በክትትሉ ውስጥ | ከክትትሉ ጋር |
| የግል ዝግጅት | እንደ ፍላጎታችሁ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | እንደ ስምምነታችሁ | ከፍተኛ |
| ኦንላይን | በራሳችሁ ጥረት | ትንሽ | ይለያያል | እንደ ምርጫችሁ | ዝቅተኛ |
| የጥንድነት ስልጠና | በጣም ብዙ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ረጅም | ይለያያል |

ሠንጠረዡ አጠቃላይ ዝንባሌን ነው የሚያሳየው። መምህሩ ከዘዴው ይበልጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ “አጋሬ ክላሱ ውስጥ ምን ይሠራል?” ብላችሁ ጠይቁ። “አብሯት ይቀመጣል” ካሏችሁ ሌላ ፈልጉ።

## ለእናንተ የሚሆነው የትኛው ነው?

የመጀመሪያ ልጃችሁ ከሆነና መካከለኛ በጀት ካላችሁ፣ የተቋሙን ክላስ ከላማዝ ጋር አጣምሩ። ከ28ኛው እስከ 32ኛው ሳምንት ጀምራችሁ እስከ 36ኛው ብትጨርሱ ጥሩ ነው፤ ከ37ኛው ሳምንት በኋላ ምጥ መቼም ሊመጣ ይችላል። ብራድሊን የምትመርጡ ከሆነ ርዝመቱን አስባችሁ ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ።

እሷ በጣም ከፈራች፣ ሂፕኖበርዚንግ ወይም በግል የሚሰጥ ዝግጅት። ፍርሃቱ እንቅልፍ የሚነሳት ከሆነ ግን ክላስ አይበቃም፤ በክትትል ቀን ለሐኪሟ ትንገራት።

ከምጡ ይልቅ “ከዚያ በኋላ እንዴት ልንሆን ነው?” የሚለው ካሳሰባችሁ፣ የጥንድነት ስልጠና። እሱ ከሌለ ቢያንስ ይህን ሁለታችሁም እወቁ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና መከፋት የተለመደ ነው። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ከባሰ ግን እርዳታ መፈለግ አለበት። የመንፈስ ጭንቀት አባቶችንም ይይዛል።

ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ልጅ ከሆነ፣ ሙሉ ኮርስ አያስፈልጋችሁም። አንድ ወይም ሁለት የግል ክፍለ ጊዜ ወስዳችሁ ያለፈውን ወሊድ አንሱት። ምን ረዳ? ምን ጎዳ? ብዙ ጥንዶች ይህን አንድም ቀን ተቀምጠው አያወሩትም።

ገንዘብ ከሌለ፣ የእርግዝና ክትትሉን ተጠቀሙበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ቢያንስ 8 ጊዜ ከባለሙያ ጋር መገናኘትን ይመክራል። ከስምንቱ ሁለቱን አብራችሁ ሂዱ። ሌላውን ቤት ውስጥ ጨርሱት። ንግግሩ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

“ማስታገሻ እንስጣት ቢሉኝ ምን ልበል?”

“አትፈልግም በላቸው።”

“እያለቀስሽ ስጡኝ ብትይስ?”

ትንሽ ታስባለች። “አንዴ ካልኩ አበረታታኝ። ሁለተኛ ከጠየቅኩ ግን እንዳትከራከረኝ። ይስጡኝ።”

ባለሙያዎቹ የሚሰሙት እርግጥ እሷን ነው። እሱ ግን መቼ ማበረታታት፣ መቼ ደግሞ ዝም ማለት እንዳለበት አሁን ያውቃል። በዚሁ መንገድ ስለ ኦፕራሲዮን፣ ክፍሉ ውስጥ ስለሚገባው ሰውና ስለ ሌሊት ተራ አውሩ። በአንድ ምሽት ሁሉንም አትጨርሱ።

36ኛውን ሳምንት ካለፋችሁ፣ ረጅም ኮርስ ፍለጋውን ተዉት። ተቋሙ የወሊድ ክፍል የሚያስጎበኝ ከሆነ ሁለታችሁም ሄዳችሁ እዩ። የአደጋ ምልክቶቹን ጽፋችሁ ሁለታችሁ በምታዩት ቦታ ለጥፉ። በሌሊት የምትደውሉበትን ቁጥርና የምትሄዱበትን መኪና ወስኑ። የበረዶውን ልምምድ አንድ ማታ ሞክሩት። ስለ ጡት ማጥባትና ስለ አራስ እንክብካቤ ያለውን ክላስ ከወለዳችሁ በኋላም መውሰድ ትችላላችሁ።